ጠማማው ቀዳዳ፦ ሶልደርን የመለጠጥ ሙከራ ማስታወሻ

ታህሳስ 24

ሥራው ይሄ ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ተራ ሶልደር፣ ማለትም የቲንና የእርሳስ ቅይጥ፣ ቀልጦ ሲረጋ እንደማንኛውም ብረት ነው። ሲጎትቱት ትንሽ ይሳባል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል። ያንኑ ሶልደር ሳይጨምሩበት፣ ሳይቀንሱበት፣ ሳያሞቁትም፣ የውስጥ ቅንጣቶቹን (ብረቱ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ክሪስታሎች) ብቻ ቢያደቁለት ግን የራሱን ርዝመት ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ሱፐርፕላስቲሲቲ ይሉታል። ይህንን በቶርኖ ቤትና በጋራዥ ዕቃ መሥራት ይቻላል ወይ? ማየት የፈለግኩት እሱን ነው።

ሶልደር የመረጥኩት ስለረከሰ ብቻ አይደለም። ይህ ጠባይ የሚመጣው ብረቱ ወደ መቅለጫው ሲቀርብ ነው። ሙቀቱ በኬልቪን (ዲግሪው ላይ 273 ተደምሮ) ሲቆጠር የመቅለጫውን ግማሽ ማለፍ አለበት። ለአውሮፕላን የሚሠራ ቲታኒየም በዚህ መንገድ ቅርፅ ሲወጣለት ወደ 900 ዲግሪ የሚሞቀው ለዚያ ነው። እንደዚህ ዓይነት ምድጃ የለኝም። 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነ ሶልደር ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በኬልቪን 456 መሆኑ ነው። ክፍሌ 295 ኬልቪን ገደማ ነው። ሲካፈል 0.65 ይመጣል። ስለዚህ ሶልደሩ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ በቂ ሙቀት አለው።

ታህሳስ 27

ሶልደር ገዛሁ። ጥቅሉ ላይ 63/37 ይላል። እሱን ማመን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ገበያው ላይ 60/40ም አለ፣ እርሳስ የሌለበትም አለ፤ በዓይን አይለዩም። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ አቅልጬ የመልቲሜትሩን ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ነከርኩበትና ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን በስልክ ቀረፅኩ። 63/37 ከሆነ ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ 183 ላይ ቀጥ ይላል። ሁሉም እስኪረጋ አይነቃነቅም። 60/40 ከሆነ 190 አካባቢ መርጋት ይጀምርና እንደ ገንፎ ሆኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። እርሳስ የሌለበት ብዙውን ጊዜ ከ215 በላይ ሳለ ነው የሚረጋው። የኔው 182 ላይ ቆመ። በአንድ ዲግሪ ከቴርሞካፕል ጋር አልጣላም።

የሽቦው መሃል ላይ ያለው ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ መሳይ) ያጨሳል፣ ይንሳፈፋል፣ በማንኪያ ተገፎ ይጣላል። ድስቱም ማንኪያውም ከእንግዲህ ወደ ኩሽና አይመለሱም። እርሳስ በዚህ ሙቀት ብዙም አይተንም፤ የሚጎዳው ከእጅ ወደ አፍ የሚሄደው ብናኝ ነው። ስለዚህ ሥራው ላይ ሻይ የለም፣ ቆሎ የለም። ልጆች አይገቡም። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፈግፈግ ጭራሽ የለም።

ጥር 2

ቅንጣቶቹን የሚያደቅልኝን መሣሪያ ሥዕል ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ቶርኖ ሠሪው ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ቀዳዳ እኮ ጠማማ ነው። ከላይ ገብቶ በጎን ነው የሚወጣው።»

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው የሚፈለገው።»

«ምን ሊያልፍበት?»

«ብረት።»

መነፅራቸውን አውልቀው ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ዋጋ ተነጋገርን።

ነገሩ ኢካፕ ይባላል። በ1970ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሚንስክ ውስጥ ቭላዲሚር ሴጋል የሚባል ሰው የጀመረው ዘዴ ነው። ሁለት ቦዮች በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። ሁለቱም እኩል ስፋት አላቸው። ብረቱ 10 በ10 ሆኖ ይገባል፣ 10 በ10 ሆኖ ይወጣል። በሮለር ብታዳምጠው ይሳሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ የሚዳመጥ ነገር ያልቅብሃል። እዚህ ግን ቅርፁ አይለወጥም። ስለዚህ መልሰህ መላልሰህ ልትከተው ትችላለህ። ጉዳቱ ሁሉ የሚደርስበት ማዕዘኑ ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ብረቱ በራሱ ላይ ይንሸራተታል። ማዕዘኑ ሹል ከሆነ አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚደርስበት የቅርፅ ለውጥ በመሐንዲሶቹ ልክ 1.15 ነው።

የኛ ሹል አይሆንም። ጋሼ በፍሬዛ የሚቆፍሩት በ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ነውና የውጭው ማዕዘን ክብ ሆኖ ይቀራል፤ የውስጠኛው ሹል ይሆናል። ከ1.15 ትንሽ ያንሳል ማለት ነው። ይበቃኛል። ቦዩ የሚቆፈረው አንዱ ብረት ላይ ብቻ ነው። ሌላው ጠፍጣፋ ክዳን ሆኖ በብሎን ይታሰራል።

ብሎኑ ላይ ተከራከርን። እኔ ሥዕሉ ላይ ባለ 8 ብሎን አራት ቦታ አድርጌያለሁ። ጋሼ ሳቁ። «ይሄ የቁም ሳጥን በር ነው እንዴ?» ባለ 12 ስድስት ይሁን አሉ። ቤት ገብቼ አሰላሁት። ሶልደሩ ቦዩ ውስጥ ሲጨመቅ በየካሬ ሚሊ ሜትሩ 10 ኪሎ ያህል ወደ ጎን ይገፋል እንበል። በብረት የተሞላው ቦይ 10 በ60 ነው። ክዳኑን 6 ቶን ያህል ይገፋዋል ማለት ነው። አራት ባለ 8 ብሎኖች በደንብ ቢጠብቁ የሚይዙት ከዚሁ እምብዛም አይበልጥም። ስድስቱ ባለ 12 በእጥፍ በእጥፍ ያልፉታል። እሳቸው ወረቀትም እርሳስም አላነሱም።

ጥር 6

መግፊያው ሌላ ራስ ምታት ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። የቶርኖ መቁረጫ ሆኖ የሚሸጠው ባለ 10 አራት ማዕዘን ጠንካራ ብረት ልኩ የኛው ልክ ነው። ጋሼ በሞላ ዳር ዳሩን ጥቂት ልጠው ቦዩ ውስጥ ያለ ጭንቅ እንዲንሸራተት አደረጉት። አንድ ችግር አለው። በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ነው የሚበታተነው። የዓይን መከላከያ፣ ከፊቱም ወፍራም ላሜራ።

ጥር 11

ጥምቀት። ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው።

ጥር 14

ቀረፃ፣ ማለትም ሶልደሩን አቅልጦ ቅርፅ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ። ቅርፅ ማውጫው ደረቅ መሆኑን ሁለቴ አረጋገጥኩ፤ ጠብታ ውኃ ካለ የቀለጠው ወደ ፊት ይፈናጠራል። ትንሽ አሙቄ አፈሰስኩ። እያንዳንዱ ዱላ 50 ግራም ገደማ ነው፣ 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። አንዱን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ማነፃፀሪያ ይሆናል።

ከሰዓት ጋራዥ። ኩሽኔታ የሚያወጡበት ሃይድሮሊክ ፕሬስ ነው። ቦዩን ሞሊ ያለበትን ጥቁር ግራሶ ቀባሁት፣ ያ ለመኪና እግር መገጣጠሚያ የሚገባውን። ዱላውን ከትቼ መግፊያውን አሳረፍኩና እጀታውን መርገጥ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የጌጁ መርፌ ትንሽ ተነሳች። ከዚያ በጎን በኩል የሶልደሩ ግንባር ብቅ አለ። ምንም ድምፅ የለውም። ፕሬሱ አንድ ሲረገጥ ጥፍር የሚያህል ይወጣል፣ ይቆማል።

ግንባሩን ካሬ አድርጌ ነበር የከተትኩት። ተንጋዶ ወጣ። ጎኑ ላይ በምላጭ ቀጥ አድርጌ የጫርኩት መስመርም አጋድሏል። ማዕዘኑ ላይ ምን እንደተደረገበት መስመሩ ራሱ ይናገራል።

ሁለት ነገር ለማስታወሻ። አንደኛ፣ የዱላው ጭራ ማዕዘኑ ላይ ይቀራል፤ የሚያወጣው ቀጥሎ የሚገባው ዱላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ለማስወጣት አንድ ትርፍ ዱላ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በክዳኑና በቦዩ መሃል ወረቀት የምታህል ስስ ቅጠል ሾልካ ወጥታለች። ስድስት ብሎን እያለ! ባለ 8 ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ከሶልደሩ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

ጥር 15

ድጋሚ ለማስገባት ዱላው መላጥ አለበት፤ ሲወጣ በትንሹ ይፋፋል። በሞረድ ሳይሆን በቢላ፣ በእርጥቡ።

አገባቡም ወግ አለው። እንደነበረ መልሰው ቢከቱት ቅንጣቶቹ ይረዝማሉ እንጂ እንደሚፈለገው አይደቁም። በየዙሩ 90 ዲግሪ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እያዞሩ ሲከቱት ግን መቁረጡ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ዝንፍ እንዳይል አንዱ ጎን ላይ ጭረት አደረግኩ። አራት ጊዜ አሳለፍኩት። ከአራቱ በኋላ ዱላው ከፊቱ ያን ያህል አይለይም፤ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች «ታዲያ ምን ተቀየረ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ በዓይን የሚታይ ነገር የለም።

ጥር 17

ለምን እንደሚሠራ ለራሴ ልጻፈው።

ተራ ብረት ሲሳብ እያንዳንዱ ቅንጣት ራሱ ይረዝማል። መርዘሚያው ሲያልቅበት ይበጠሳል። ቅንጣቶቹ በጣም ከደቀቁና ሙቀቱ ከበቃ ግን ሌላ መንገድ ይከፈታል። ቅንጣቶቹ ሳይረዝሙ አንዱ በሌላው ጎን ይንሸራተታል፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። የጤፍ ጆንያ ሲጋደም ቅርፁ ይለወጣል፤ አንዷም የጤፍ ፍሬ ግን አልተለጠጠችም። ብረቱ ውስጥም እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ በቅንጣቶቹ መሃል ክፍተት እንዳይፈጠር አተሞች ወሰን ወሰኑን እየሄዱ መሙላታቸው ነው። መሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀስ ብሎ መሳብ ግድ የሚሆነው።

ቅንጣት ሲደቅ የሚሞላው መንገድ ያጥራል። በዚህ የመንሸራተት ስሌት ቅንጣቱ በ10 እጥፍ ቢያንስ፣ በዚያው ኃይል የሚሳብበት ፍጥነት 100 እጥፍ ይሆናል። ሰዎች ይህን ሁሉ የሚለፉት ለዚህ ይመስለኛል። በፋብሪካ በዚህ ዘዴ አንድ የአልሙኒየም የመኪና አካል ለማውጣት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ተራ ፕሬስ በሴኮንድ የሚመታውን። ቅንጣቱ ከ1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ሲወርድ ያ ጊዜ ያጥራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከኔው ዓይነት ብረት ነው። በ1934፣ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንግሊዝ ውስጥ ፒርሰን የቢስሙትና የቲን ቅይጥ ስቦ 1950 በመቶ አስረዘመ። ፎቶው ላይ ዘንጉ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ነው የሚታየው፤ ቀጥ ብሎ አይገባማ! በ1945 ሞስኮ ላይ ቦችቫርና ስቪደርስካያ በዚንክና አልሙኒየም ቅይጥ ላይ ይህንኑ ጠባይ አጠኑ። ቦችቫር ያው የሶቪየት የፕሉቶኒየም ሥራ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ነው። በ1988 ደግሞ ሩሲያ ውስጥ ኡፋ ከተማ ቫሊየቭና ባልደረቦቹ በብርቱ ጠምዝዘው ወደ 0.3 ማይክሮን ያወረዱት የአልሙኒየም ቅይጥ በ220 ዲግሪ ይህን ጠባይ እንደሚያሳይ አስመዘገቡ። ለአልሙኒየም ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። በ2008 ፊጌይሬዶና ላንግደን በኢካፕ ያለፈ የማግኒዚየም ቅይጥ በ200 ዲግሪ 3050 በመቶ አስረዘሙ። 1 ሳንቲ ሜትር የነበረው 31 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ ማለት ነው።

የኔ ሶልደር ከ1 ማይክሮን በታች አይወርድም። መቅለጫው ቅርብ ስለሆነ ቅንጣቶቹ እያደቀቅካቸው መልሰው ያድጋሉ፤ ጥቂት ማይክሮን ላይ ይረጋሉ። ለክፍሌ ሙቀት ይበቃል።

ጥር 22

መሳቢያው ተሠራ። ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ስቴፐር ሞተር (በትንሽ በትንሹ እየቆጠረ የሚዞር)፣ እሱን የሚያዝ አርዱይኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ባለ 8 ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ዳዶ። የሻንጣ ሚዛን ለኃይል መለኪያ ሞክሬ ተውኩት። ቁጥሩ ትንሽ ሲረጋጋ ራሱን ይቆልፋል፣ ከዚያም ይጠፋል። ለሻንጣ ጥሩ ነው፣ ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ አይሆንም። ከኩሽና ሚዛን የተፈታ ሎድ ሴል (ክብደት የሚለካው ክፍል) ተካው።

ናሙናው ከዱላው ተቆርጦ የወጣ ትንሽ አጥንት መሳይ ነው። የሚሳበው መሃሉ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 3 ይሰፋል፣ 2 ይወፍራል። በደቂቃ 0.3 ሚሊ ሜትር እስበዋለሁ። የዘንጉ ጥርስ 1.25 ስለሆነ አንድ ዙር ለመዞር ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ጥር 23

መጀመሪያ ያልተነካው ቀረፃ። ኃይሉ ቶሎ ወጣ፣ 20 ኪሎ አካባቢ። ብዙም ሳይቆይ መሃሉ ላይ ወገብ ያዘ። ወገቡ ሲቀጥን የሚሳበው እሱ ብቻ ሆነ፣ ሌላው ቆመ። 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ላይ ተበጠሰ። እንደተጠበቀው።

ቀጥሎ በቦዩ አራቴ ያለፈው። ኃይሉ 4 ኪሎ ላይ ቀረ! ያው ቅይጥ፣ ያው ስፋት፣ ያው ፍጥነት። ሎድ ሴሉ የተፈታ መስሎኝ በጣቴ ነካ አደረግኩት። አልተፈታም።

ከዚያ ማየት ነው። 8 ሚሊ ሜትር። 10። ወገብ የለም። ሁሉም ቦታ እኩል እየሳሳ ነው። 15 አለፈ። ጎኑ ላይ የነበረው የቢላ ምልክት እየደበዘዘ ሄደ፤ ፊቱ አንፀባራቂነቱን አጥቶ እንደ አቧራማ ብር ሆነ። በየመሃሉ አንድ ቦታ የቀጠነ ይመስልና ደግሞ ይተወዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ቀጠን ያለው ቦታ ከሌላው ቶሎ ይሳባል፤ ቶሎ ሲሳብ ደግሞ ይህ ብረት በብርቱ ይገግማል። ስለዚህ መሳቡ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ወገብ ሊፈጠር ሲል ራሱን ያከሽፋል።

22 ሚሊ ሜትር አካባቢ መብራት ጠፋ።

ጥር 23፣ ማታ

የመብራቱ መጥፋት ያልተጠበቀ ነገር ሰጠኝ። ሞተሩ ቆመ፤ ዘንጉ ግን ባለበት ያዘ። አርዱይኖው በላፕቶፑ ባትሪ ስለሚሠራ የኃይሉን ቁጥር መመዝገቡን ቀጠለ። ኃይሉ ወረደ። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ እየዘገየ። ናሙናው ሳይሳብ በራሱ ላላ ማለት ነው። የመሳቢያው ፍጥነት ወደ ዜሮ ሲሄድ ኃይሉም ተከትሎት ወረደ። ተራ ቀረፃ እንደዚህ አይለቅም፤ የያዘውን አብዛኛውን ይዞ ይቆያል።

መብራት ሲመጣ ሞተሩን አስነሳሁት። ኃይሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መሳቡ ቀጠለ። 40 ሚሊ ሜትር ላይ የዘንጉ ጥርስ አለቀ። ናሙናው አልተበጠሰም። 700 በመቶ። አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ክር ተንጠለጠለ።

ጥር 25

ዛሬ ለቁጥሩ። ኤም የሚባል መለኪያ አለ፤ ፍጥነት ሲጨምር ኃይሉ ምን ያህል እንደሚጨምር ይናገራል። አዲስ ናሙና በደቂቃ 0.3 እየሳብኩ ኃይሉ ሲረጋ በድንገት ወደ 3 ዘለልኩ። አሥር እጥፍ። ኃይሉ ከ4 ወደ 10.8 ኪሎ ወጣ። 2.7 እጥፍ ነው፤ ሎጋሪዝሙ 0.43። ሱፐርፕላስቲክ ለመባል የሚጠበቀው 0.5 አካባቢ ነው፤ አልራቅንም። ቀረፃው በዚያው ዝላይ ከ20 ወደ 25 ብቻ ሄደ። 0.1 ገደማ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይባል። የኔ ሞተር የሚሄደው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ናሙናው ግን እየረዘመ ይሄዳል። 5 ሚሊ ሜትር ላይ 0.3 ማለትና 40 ላይ 0.3 ማለት አንድ አይደለም። ወደ መጨረሻው ትክክለኛው የመሳብ ፍጥነት ስምንት እጥፍ ያንሳል። አርዱይኖው ርዝመቱን እያየ ፍጥነቱን እንዲጨምር ኮዱን ቀየርኩት።

የካቲት 3

ከአንድ ላብ ለብረት የሚሆን ማይክሮስኮፕ ለጥቂት ሰዓት ተፈቀደልኝ። ናሙናውን ሳልስበው ፊቱን አለስልሼ በምላጭ ጫፍ ስስ መስመሮች ጫርኩበት። ከዚያ እጥፍ እስኪሆን ብቻ ሳብኩት። መስመሮቹ አልተለጠጡም፤ ተቆራርጠዋል። ቅንጣቱ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወሰኑ ጋ ሲደርስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ዘሎ ይቀጥላል። መንሸራተቱን በዓይኔ አየሁት።

የካቲት 20

አንድ ያለፈ ዱላ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን መደርደሪያ ላይ፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ሦስት እጥፍ ጠቅልዬ፣ «እርሳስ፣ አይነካ» ብዬ ጽፌ። ዛሬ ሁለቱንም ሳብኩ። የፍሪዘሩ 4 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ማለት ይቻላል። የመደርደሪያው 8 አለፈ፤ ወገብም ያዘ። ቅንጣቶቹ በክፍል ሙቀት ተቀምጠው አድገዋል። ሶልደር መምረጤ ሥራውን ያቀለለው መቅለጫው ቅርብ ስለሆነ ነበር፤ በዚያው ምክንያት የተሠራው ሥራ መደርደሪያ ላይ ይበላሻል። ከእንግዲህ የሚገፋው በሚሳብበት ቀን ነው፣ አለዚያ ወደ ፍሪዘር።

ቀጣዩ ዚንክ ከ22 በመቶ አልሙኒየም ጋር ነው። መቅለጫው ከፍ ስለሚል መደርደሪያ ላይ በተሻለ ይቆያል። ጃፓኖች ይህንኑ ቅይጥ አድቅቀው ለሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥ ማብረጃ ሠርተውበታል። ለኔ ግን መሳቡም መግፋቱም ሙቀት ይፈልጋል፣ 200 ዲግሪ ገደማ። ቦዩ ዙሪያ የሚገቡ ማሞቂያ ዘንጎች ለማስቆፈር ነገ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ። ብሎኖቹንም ያዩልኝ።